ስማቸው ያልተጻፈ ረዳቶች

«ብቻዬን ነው የሠራሁት» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ቶሎ ብዬ የማየው ከጀርባው ያለውን በር ነው። ከበሩ ኋላ ሁልጊዜ ሰው አለ። ሸሚዙን የተኮሰችለት አለች፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ያመጣለት አለ፤ ደብዳቤውን አንብቦ «ይቺን ቃል ብታወጣት ይሻላል» ያለው፣ ከዚያ በኋላ ግን ስሙ ያልተነሣ ጓደኛ አለ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከበሩ ኋላ ከሚቆሙት ጋር ስለሆነ ነገሩን የማውቀው በወሬ አይደለም። እመቤቲቱ እንግዶቿን ሰብስባ «ይህን ሁሉ በገዛ እጄ ነው ያበሰልኩት» ስትል፣ ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት የሸተተ እጄን በሎሚ እያሸሁ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም።

ዋሸሁ። ተቀይሜያለሁ። ሠላሳ ዓመት አልፎትም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ዛሬ ግን ላማርር አልተነሣሁም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሆዴን ይዤ የሳቅሁበትን ነገር ላጫውታችሁ ነው። ጉዳዩ የኮምፒውተር ነው። አትሽሹ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በሁለት መነጽር፣ ከገባኝ እናንተ የማይገባችሁ ምክንያት የለም። ከመድኃኒት ዕቃ ውስጥ የሚወጣውን ቀጭን ወረቀት ሳይቀር እስከ መጨረሻው መስመር የማነብ ሴት ነኝ፤ አርባ ዓመት የሰው ቤት ስትኖሩ የምታነቡትን አትመርጡም።

ሠናይት የምትባል ልጅ አለች። ልጅ የምላት ከእኔ ዕድሜ አንጻር ነው እንጂ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አገር ቤት ኮምፒውተር ተምራ ዲፕሎማ ይዛ ነበር፤ እዚህ ጅዳ መጥታ የያዘችው ግን መወልወያ ነው። በሰዓት እየተቀጠረች የሰው ቤት ታጸዳለች። ማደሪያዋ ካራንቲና የሚባለው ሠፈር ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ስድስት ሴቶች ጋር። እኔ ወዳለሁበት ወደ ጃሚዓ ሠፈር ደግሞ ለሥራ ትመጣለች፤ ከእኛ በታች ያለውን ቤት ታጸዳና ከዙህር ሶላት በኋላ፣ እኔ የምጦራቸው አሮጊት ሲያሸልባቸው፣ ቀስ ብላ ወደ ክፍሌ ትወጣለች። የቤቱ ልጅ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሲሄድ ጥሎልኝ የሄደው ላፕቶፕ አለ። እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ እጽፍበታለሁ፤ እሷ ፕሮግራም ትሠራበታለች።

የሠራችው ምን መሰላችሁ? ከቴሌቪዥን ጋር የምትገናኝ መዳፍ የምታህል ሣጥን ታውቃላችሁ። በውስጧ ማጫወቻ የሚባል ፕሮግራም አለ። ማጫወቻው ራሱ ዕቃ ያልገባለት ባዶ ቤት ነው፤ ዘፈንም ድራማም የለውም። ከየት ምን ማምጣት እንዳለበት የሚነግሩት ተጨማሪ የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው፤ የሚጻፉትም ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ሠናይት የጻፈችው ተጨማሪ የአገር ቤቱን ሬዲዮ፣ መዝሙሩን፣ መንዙማውን፣ ድራማውን ሰብስቦ በአማርኛ ስማቸው ይደረድራል። ለማን ብትሉ፣ ለሠራተኞች። ማዳም ስልክ ብትቀማ ወጥ ቤት ያለውን ቴሌቪዥን ነቅላ አትወስድም፤ ሽንኩርት ሲከተፍ ደግሞ የሚሰማ ነገር ያስፈልጋል።

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ጠዋት ሐጂ ኑሩ ከመካ ደወሉ። ሐጂ ኑሩ ጅዳ ሳሉ ጎረቤቴ ነበሩ። አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው ቀርተዋል፤ እሳቸው መካ ተወልደው ዛሬ ሚስፈላ ሠፈር ውስጥ፣ ከሆቴሎቹ ኋላ፣ ሪሲቨር የሚጠግኑባትና እነዚያን ሣጥኖች የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው።

«እትዬ ዘውዴ፣ አንቱ ዘንድ ፕሮግራም የምትጽፍ ልጅ አለች አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«ሐሰት ቢሆንስ ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

«ወላሂ ጨንቆኝ ነው» አሉና ጉዳዩን ዘረገፉት። ሩቂያ የምትባል የሐይቅ ሴት፣ የሥጋ ዘመዳቸው፣ መካ ውስጥ አንድ ቤት ከገባች አራት ዓመቷ ነው። አንዲት ልጅ ነው ያለቻት፤ ፋጤ ትባላለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ ትታት የመጣችው ፋጤ በሚቀጥለው ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ልትዳር ነው። የድንኳኑም የበሬውም ወጪ የሩቂያ ነው፤ ሠርጉ ላይ የሌለችው ሩቂያ ብቻ ናት። ስልኳ ከመኖሪያ ፈቃዷ፣ ከኢቃማዋ ጋር ማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የሚወጣው ዓርብ ዓርብ ለአንድ ሰዓት ነው። ሩቂያ «የዚያን ሳምንቱን ለሐሙስ ያድርጉልኝ» ብላ ብትለምን፣ «ስልክ ዓርብ ነው፤ ኸላስ» ተባለች። የሩቂያ ወንድም ሙሄ ግን ሠርጉን በስልኩ በቀጥታ ሊያስተላልፍ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሐጂ ኑሩ ራሳቸው የሸጡት ሣጥን አለ።

«ቴሌቪዥን ማየት አልተከለከለችም» አሉ ሐጂ። «ታዲያ ያቺ ልጅ መላ የላትም?»

ሠናይት መላ ነበራት። «አምስት ደቂቃ አይፈጅም እትዬ!» አለች። ተጨማሪው ላይ «የፋጤ ሠርግ» የሚል አዲስ መስመር ከተተች፤ መስመሩ ሲነካ የሙሄን ገጽ ከፍቶ ቪዲዮውን ፈልጎ ያጫውታል። ሙሄ ለሙከራ የላከው የራሱ ግቢ ዶሮዎች ነበሩ። ክፍሌ ውስጥ ባለው ሣጥን ላይ የሐይቅ ዶሮዎች ጥርት ብለው ታዩ። አጨበጨብን። ፋይሉን ለሐጂ ላክን። ሠናይት መወልወያዋን ይዛ እየዘፈነች ወረደች።

ቅዳሜ ሐጂ ኑሩ «ሣጥኑን ልፈትሽ» ብለው ያ ቤት ገብተው ጫኑት። ከዚያ ደወሉ።

«አልከፈተም። ስህተት ነው ይላል። ዝርዝሩን እዩ ይላል።»

«ዝርዝሩን ያንብቡልኝ!» አለች ሠናይት።

«ከዚህ እስከ ዓረፋት ይደርሳል እኮ።»

«መጨረሻዋን መስመር ብቻ።»

«ልጄ፣ እኔ ነገር ከጅራቱ አላነብም» አሉና ከላይ ጀመሩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሣጥኑን ስም፣ ነጥቡን፣ ሰረዙን፣ አንድም ሳያስቀሩ። እኔ በእስክሪብቶ እየጻፍኩ አራት ገጽ ሞላሁ። አምስተኛው ላይ ስንደርስ መጨረሻዋ መስመር መጣች፤ የምትለውም ባጭሩ «መልእክተኛው የለም» ነው።

ሠናይት ጮኸች። «እንዴት ይጠፋል? እዚህ እኮ ይሠራል!» ደግማ ከፈተችው። ዶሮዎቹ አሁንም አሉ።

እዚህ ይሠራል። ይህችን ዓረፍተ ነገር የኮምፒውተር ሰዎች ሁሉ በየቀኑ ይሏታል አሉ። ለእኔ አዲስ አይደለችም፤ «እናቴ ቤት እኮ እንዲህ አልቆጣም» የሚል ባል ነበረኝ።

አሁን ትንሽ ታገሡኝና ላስረዳችሁ። ሠናይት ሁሉንም ነገር በእጇ አልጻፈችም፤ ማንም አይጽፍም። ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ ያስቀመጧቸው ረዳት ፕሮግራሞች አሉ፤ ሞጁል ይሏቸዋል። አንዱ ኢንተርኔት ላይ ሄዶ ገጹን ያመጣል፤ እሱን «መልእክተኛው» ብለነዋል። ሌላው ከመጣው ገጽ ውስጥ የቪዲዮውን አድራሻ ለቅሞ ያወጣል፤ እሱ «ለቃሚው» ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ደግሞ ከራሱ ጋር አንዲት የመግቢያ ቅጽ ይዞ ይሄዳል። ማጫወቻው ከመቀበሉ በፊት ቅጿን ያነባል፤ «ከአንተ ጋር እነማን አሉ?» እንደማለት ነው። ስማቸው የተጻፈውን ረዳቶች ማጫወቻው ራሱ ከግምጃ ቤቱ ያመጣቸዋል። ያልተጻፈውን አያመጣም። ከየት ያውቀዋል?

ቅጿን አስከፈትኳት። የተጻፈው የፓይተን ቋንቋ ስም ብቻ ነው። ረዳት የሚባል የለም።

የእኛ ሣጥን ላይ የሠራው ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ታወሳት። ከወራት በፊት መልእክተኛውንም ለቃሚውንም ሌሎቹንም በእጇ ሣጥናችን ውስጥ ከትታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያው ይኖራሉ፤ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ የትም አልተመዘገቡም።

«ምነው ሠናይት፣ ስማቸውን መጻፍ አቃተሽ?»

«እንጃ እትዬ።»

«ቅጹ እኮ ይጠይቃል። ከአንተ ጋር ማን አለ ይላል።»

ማያውን አየች። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቀች ነው። «እትዬ፣ እንዲህ ተብዬ ስጠየቅ እጄ ራሱ 'ማንም የለም' ብሎ ይጽፋል! ሳላስበው!»

ካራንቲናን የማታውቁ ምን ያስቃል ትሉ ይሆናል። የሠናይት ክፍል የተከራየው በአንዲት ሴት ስም ነው። በሩ ሲንኳኳ ያቺ ሴት ትወጣለች። «ስንት ናችሁ?» «እኔ ብቻ ነኝ።» ይህን ስትል ስድስቱ ጫማቸውን አቅፈው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተደርድረው ትንፋሻቸውን ውጠዋል። እዚያ ሠፈር የጓደኛን ስም ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ሰው ጠላት ነው፤ ስም የሚጻፈው ሊባረር ነው። አምስት ዓመት እንዲህ የኖረ እጅ ማጫወቻ ሲጠይቀው ምን ብሎ ይመልስ? ረዳቶቿን ደበቀቻቸው። በደንብ ደበቀቻቸው፤ መካ ድረስ ሳይገኙ ቀሩ።

እስኪያመን ሳቅን። የማይጠቅም ሳቅ ነው፤ ቅዳሜ አልቋል፣ ሐሙስ ደርሷል።

«ቀላል ነበር እኮ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሄጄ በእጄ ከትቼላቸው ብመለስ።»

«በየት በኩል?»

ማተቧን ነካ አድርጋ ተወችው። መካ ክርስቲያን አይገባም፤ መንገዱ የሚለይበት ላይ ተጽፏል። ኤጀንሲ ስማቸውን ለውጦ ያስገባቸው እንዳሉ እሰማለሁ፤ እግዜር ይሁናቸው። እኔ ግን አርባ ዓመት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ኖሬ አንድም ቀን አላየሁትም። ስለዚህ የሠናይት እጅ ወደዚያ ወጥ ቤት አይደርስም። የምትደርሰው ቅጿ ብቻ ናት፤ እሷም ሳትዋሽ መድረስ አለባት።

እሑድ ሠናይት ንስሐ ገባች። ንስሐዋም እንደ ኃጢአቷ መጠን የለውም። ሣጥናችን ውስጥ የተገኘውን ሁሉ ቅጿ ላይ ዘረገፈችው፤ አሥራ አንድ ረዳት! ለእያንዳንዱም «ከመጨረሻው አዲስ እትም በታች አልቀበልም» ብላ ጻፈች። ሐጂ ጫኑ። ሐጂ ደወሉ።

«ጭራሽ አልገባም አለ። አንዱን ግምጃ ቤቱ ውስጥ አላገኘሁትም ይላል፤ ሌላውን በጠየቃችሁት ዕድሜ የለኝም ይላል። ልጄ፣ ሠርግ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤት ምልመላ?»

ለካ የመካው ማጫወቻ አሮጌ ነው፤ የሚያውቀውም አሮጌውን ፓይተን ነው። አዲሶቹ እትሞች ደግሞ አሮጌውን ቋንቋ አይሰሙም።

«አዲሱን ማጫወቻ ይጫኑበታ!» አለች ሠናይት።

«አይሆንም። የማዳም እናት ቁርኣን የሚያዳምጡበት ተጨማሪ በአሮጌው ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። አዲሱን ጭኜ እሱ ጸጥ ካለ፣ ወላሂ፣ እኔም ሩቂያም ባንድ አውሮፕላን ወደ ሐይቅ ነን። ያኔ ሠርጉን በዓይናችን እናየዋለን።»

ሰኞ ቁጭ ብለን ፈተና ከፈትን። ፈታኟ እኔ ነበርኩ። ፓይተን አላውቅም፤ «ምን ሥራ ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ ስንቴ ተጠይቄዋለሁ! የረዳቱን ስም እጠራለሁ፤ ሠናይት ጽሑፏ ውስጥ የትኛው መስመር እንደሚጠራው ትፈልጋለች። አንዱ የአዲስ አበባን የአየር ሁኔታ የሚናገር ሆኖ ተገኘ። «ይህ ምን ያደርጋል እዚህ?» «ድሮ ላሳይ አስቤ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት።» ሥራው ከቀረ ዓመት ሆኖታል፣ ሠራተኛው ግን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ ፊደል በቀለም ያስጌጣል፤ ማንም አይጠራውም። አንዱ ብቻውን ነኝ ብሎ ገብቶ የራሱን ሦስት ረዳቶች አስከትሏል፤ የአክስቴን ልጅ ለሁለት ቀን ላሳድር ብላችሁ ጠዋት አራት ሰው ፍራሽ ላይ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። በየተራ አሰናበትናቸው። ከአሥራ አንዱ ሁለት ቀሩ፤ መልእክተኛውና ለቃሚው።

ማክሰኞ ለቃሚው ወደቀ። ፈጣን ነው፤ ፈጣን የሆነው ግን ከፓይተን ውጭ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ለአንድ ዓይነት ማሽን ተቀጥቅጦ የተሠራ ክፍል ስላለው ነው። የእኛ ሣጥን ላይ ይሮጣል፤ የመካዋ ሣጥን አንጎል ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ እዚያ ሬሳ ነው። ሠናይት ፀጉሯን ነጨች። «እስቲ ያለ እሱ የሚሆን ነገር የለም?» አልኳት። ነበረ። ፓይተን ሲፈጠር አብሮት የተፈጠረ፣ ከቋንቋው ጋር የሚመጣ፣ ቅጽ የማያስፈልገው ዘገምተኛ ለቃሚ አለ። በሁለት ሰከንድ ይዘገያል። ሩቂያ አራት ዓመት ጠብቃለች፣ ሁለት ሰከንድ አታጣም።

መልእክተኛውም ቢሆን ዕድሜው ተቀነሰለት። አዲሱን ካላመጣችሁልኝ ከማለት፣ ለሥራችን የሚበቃው ትንሹ እትም የትኛው ነው ብላ ፈልጋ እሱን ጻፈች፤ አሮጌውን ፓይተን የሚሰማውን። መልእክተኛው የራሱ አጃቢዎች አሉት፤ ነገር ግን ጨዋ ነው፣ የእሱን ሰዎች በእሱ ቅጽ ላይ አንድ በአንድ ጽፎ አስቀምጧል። ማጫወቻው ተራ በተራ ያመጣቸዋል።

ከዚያ የምር የሆነው ነገር መጣ። «እትዬ፣ ሣጥኑን ላጥፋው ነው» አለች።

«የቱን?»

«የእኛን። በእጄ የከተትኩትን ሁሉ አውጥቼ፣ አሮጌውን ማጫወቻ ጭኜ፣ ልክ እንደ መካው ባዶ ላደርገው። አለበለዚያ ዘላለም እዚህ ይሠራል እያልኩ ነው የምኖረው።»

እኔ የማታ ድራማዬን የማይበት ሣጥን ነው። አሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ ደርሼ፣ ባልየው ሊያዝ ሲል! «አጥፊው» አልኳት። አጠፋችው። ረቡዕ ከጠዋት ጀምሮ ጽሑፏን ወደ አሮጌው ፓይተን ስትመልስ ዋለች፤ አሮጌው ደግሞ የእኛን ፊደል ሲያይ የሚደነግጥ ነው፣ በእያንዳንዱ የአማርኛ ቃል ፊት «አትፍራ፣ ይህ ፊደል ነው» የሚል ምልክት ማኖር ነበረባት። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶው ሣጥን ላይ ጫነችው። ቅጿን አነበበ። መልእክተኛውን ከነአጃቢዎቹ ጠራ። ዶሮዎቹ መጡ። ሁለታችንም አልጮህንም፤ አሮጊቷ ተኝተዋል። አፋችንን በትራስ አፍነን ነው የዘለልነው።

ሐሙስ ከዙህር በኋላ ሐጂ ኑሩ ያ ወጥ ቤት ገቡ። ስልካቸው ክፍት ነው፤ እኛ ጅዳ ሆነን እንሰማለን።

«ከእኔ ጋር እነዚህም ይገባሉ፣ ትስማማለህ ወይ ይላል። ስም ዘርዝሯል። እሺ ልበል?»

«እሺ ይበሉ! ያላ!»

እዚህ ላይ የሴት ድምፅ ጣልቃ ገባ። ማዳም ናት። በዓረብኛ «እነዚህ ስማቸው የተደረደሩት እነማን ናቸው?» አለች። ሠናይት ክንዴን ጨመደደችኝ።

«ረዳቶች ናቸው ማዳም» አሉ ሐጂ።

«ከፊላቸው ማን ነው?» ከፊል የሚባለው ሠራተኛን በስሙ አስመዝግቦ የሚያኖር አሠሪ ነው።

ሐጂ ኑሩ እየቀለደች ይሁን የምሯን እስከ ዛሬ አላወቁም። «ሁሉም ስማቸው ተጽፏል፤ ሕጋዊ ናቸው» አሉ በጥንቃቄ። ማዳም «ጥሩ» አለች። ረዳቶቹም ገቡ።

ከአስር ሶላት በኋላ ሐጂ ስልኩን ሳይዘጉ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ እኛም በእኛ ሣጥን ያንኑ መስመር ከፈትን። መጀመሪያ ጨለማ፣ ከዚያ ከበሮ፣ ከዚያ እልልታ! ሠናይት ጉልበቴ ላይ ወደቀች። ምስሉም መጣ። መጣ ብቻ ሳይሆን ተጋድሞ መጣ። ሙሄ ስልኩን አጋድሞ ይዞት የሠርጉ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ እንደ እንሽላሊት በጎኑ ይሄዳል። እኛ ትንሿን ቴሌቪዥን አንሥተን አልጋ ላይ በጎኗ አስተኛናት። የመካዋ ግድግዳ ላይ የተበየደች ናት፤ ሐጂ እንደነገሩን ሩቂያ፣ ማዳምና የማዳም እናት ሦስቱም አንገታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ተደርድረው ነበር። ማዳም ስትገባ ምን አመጣት አላልናትም፤ ከበሮ ሰምታ ዝም የምትል ሴት የት አለች?

ከዚያ ሙሄ መጨፈር ጀመረ። እጁን ከነስልኩ ወደ ታች ለቀቀው። ያን ቀን የፋጤን ሠርግ ያየነው ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። ምንጣፍ፣ ጫማ፣ የድንኳን ምሰሶ፣ ጫማ፣ የሆነ ሰው ያፈሰሰው ውሃ፣ ጫማ። በዚህ መሃል ሁለት ሂና የተቀቡ እግሮች በቀስታ አለፉ። ከሐጂ ስልክ ውስጥ ጩኸት ተሰማ።

«የፋጤ እግር ነው! የእኔ እግር! ቁርጥ የእኔ እግር!»

የሩቂያን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ። እግሮቹ አለፉ። ሁለተኛ አልተመለሱም። ትንሽ ቆይቶ እዚያ ሐይቅ ኔትወርኩ ሄደ፤ ሠርጉም ለእኛ አበቃ።

ሠናይት ፊቷን ሸፈነች። አሁን የምር እያለቀሰች ነው። «ፊቷን እኮ አላየቻትም። ሳምንቱን ሙሉ ለፍተን እግር አሳየናት።»

«የሙሄን እጅ ቀና የሚያደርግ ሞጁል ገና አልተጻፈም» አልኳት። ላጽናናት ብዬ ነበር። አላጽናናትም።

በማግስቱ ዓርብ፣ ስልክ የሚወጣበት ሰዓት ላይ፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ሩቂያ ናት። ሠናይት አጠገቤ ነበረች፤ ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

«እትዬ ዘውዴ አንቱ ኖት? ልጅቷም አለች? አላህ ይስጣችሁ፣ አላህ ዕድሜያችሁን ያርዝመው፣ ከመቼውም—» አለችና ትንፋሽ ወሰደች። «እኔ ምለው፣ ሂናውን የቀባቻት ማናት?»

«ምን?»

«ግራ እግሯ ላይ ተዝረክርኳል! ተረከዟ ጋ ደርሶ ወጥቷል! የጎረቤታችንን ልጅ ጥሩላት ብዬ ከረመዷን ጀምሮ ተናግሬ ነበር፤ ማንን እንደጠሩ አየሁት እኮ። ምንጣፉስ? አረንጓዴውን ማን አንጥፉ አላቸው? ቀዩን አይደለም እንዴ ለዚህ ቀን ብዬ የላክሁት? የት ሄደ ቀዩ? ሙሄም ቢሆን፣ የእህቱን ልጅ የሚድር ሰው ጫማውን እንኳ አይጠርግም?»

ሠናይት ዓይኗ ፈጥጦ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ተናደዋል እኮ» አለችኝ። «ምን ልበላቸው? ይቅርታ ልጠይቅ?»

«ዝም በያት» አልኳት። «ከሠርግ የቀረች ሴት እንዲህ አታማርርም። የሄደች ናት እንዲህ የምታማርረው።»

ሠናይትም ገባት መሰለኝ ትራሱን ጎትታ አፏ ላይ አደረገችው።

«እየሰማችሁኝ ነው?» አለች ሩቂያ ከመካ። «ቆይ፣ ስለ ድንኳኑ ገና አልነገርኳችሁም!»